ከበርጩማ ያለ እጅ መነሳት

ይህን ጽሑፍ ከመቀጠላችሁ በፊት አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ከምግብ ጠረጴዛችሁ አንድ ወንበር ሳቡና ጀርባውን ግድግዳ አስደግፉት። ተቀመጡ፤ ሁለት እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምሩ። ስልካችሁን 30 ሰከንድ ሙሉና በእጃችሁ ሳትደገፉ ቀጥ ብላችሁ እየቆማችሁ፣ መልሳችሁ እየተቀመጣችሁ ስንት ጊዜ እንደምትነሱ ቁጠሩ። ልጆቹ ይስቁባችሁ ይሆናል፤ ተዋቸው፤ ከእናንተ በኋላ እነሱም ይሞክሩ።

ነገሩ ጨዋታ ቢመስልም የጤና ባለሙያዎች የእግርን ጉልበትና የመውደቅ አደጋን የሚገምቱበት መለኪያ ነው። ከ60 እስከ 64 ዓመት ያለች ሴት ከ12 በታች፣ በዚያው ዕድሜ ያለ ወንድ ደግሞ ከ14 በታች ከሆነ ውጤቱ ከእኩዮች በታች ነው ይባላል። እናንተ ገና ሠላሳዎቹና አርባዎቹ ውስጥ ሆናችሁ ለእነዚህ ቁጥሮች ከተጠጋችሁ፣ ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ለእናንተ ነው። ከዚያ ብዙ ካለፋችሁም አንብቡት፤ ቤታችሁ ውስጥ እናት ወይም አባት ይኖራሉና።

እኔ መለኪያውን ያወቅሁት በእናቴ ምክንያት ነው። የምንኖረው አይከል ነው፤ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ። እማዬ 63 ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ምልክት ቡና ስታፈላ ነበር፤ ከበርጩማው ለመነሳት አንድ እጇን መሬት፣ ሌላውን ጉልበቷ ላይ ማድረግ ጀመረች። ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን ስግደት ተወች። «ቆሜ አስቀድሳለሁ፤ እግዜር ያውቅልኛል» ትላለች። እኔ ግን ዓይኗን አይ ነበር፤ ሌሎች ሲሰግዱ እሷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች።

ሐኪም ዘንድ ሄድን። የጉልበት መገጣጠሚያዋ ለዕድሜዋ የሚጠበቅ መሳሳት እንዳለው፣ ቀዶ ሕክምና እንደማያስፈልጋት፣ ነገር ግን የጭኗን ጡንቻ ካላጠነከረች ነገሩ እየባሰ እንደሚሄድ ነገራት። ወንበሩ ላይ አስነስቶ አስቀመጣት፤ በ30 ሰከንድ ሰባት ጊዜ ተነሳች። ከክፍሉ ስንወጣ እማዬ ተቆጥታ ነበር። «ዕድሜ ልኬን ውኃና እንጨት ስሸከም የኖርኩትን ሰው ይኼ ልጅ ጡንቻ አጠንክሪ ይለኛል?» አለችኝ።

መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው። ብዙዎቻችን «ድሮ እናቶቻችን ጂም ሳይገቡ ጠንካሮች አልነበሩም?» ስንል የምንጠይቀው ይህንኑ ነውና።

ሥራና ልምምድ ለየቅል ናቸው

በአይከል በኩል የሚያልፈው የመተማ መንገድ የሰሊጥ መንገድ ነው። ምርቱ በሚነሳበት ወቅት ጫኝና አውራጆችን ቆማችሁ ብትመለከቱ ብዙ ትማራላችሁ። ኩንታል ማለት 100 ኪሎ ነው። ሁለቱ ጆንያውን አንስተው ለሦስተኛው ያሸክሙታል፤ እሱ ጉልበቱን ሰበር፣ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ ይጠብቃል፤ ጭነቱ ከሰውነቱ ጋር ይጣበቃል፤ እርምጃው አጭር ነው። ከእነሱ የተሻለ የአነሳሥ ዘዴ የሚያስተምር አሠልጣኝ ማግኘት ከባድ ነው።

ነገር ግን እነዚሁ ሰዎች አርባዎቹ ውስጥ ሲገቡ ወገባቸውን ይዘው ታገኟቸዋላችሁ። ምክንያቱ ጭነቱን የሚመርጠው ጫኙ ሳይሆን ነጋዴው መሆኑ ነው። የመጀመሪያ ቀኑም 100 ኪሎ ነው፤ የሺኛ ቀኑም 100 ኪሎ ነው። ሲደክመው አያርፍም፤ መኪናው ይሄዳልና። ሲያመው አይቀንስም፤ ኩንታል ግማሽ ኩንታል አይሆንምና። የእናቶቻችን ሸክምም እንዲሁ ነው። ሁልጊዜ በአንድ በኩል፣ ሁልጊዜ በጎበጠ ጀርባ፣ ብዙ ጊዜ ከልጅነት ጀምሮ፣ ብዙ ጊዜም ጠግበው ሳይበሉ።

ልምምድ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ክብደቱን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ከምትችሉት በታች ትጀምራላችሁ፤ በጥቂቱ ትጨምራላችሁ፤ በመካከሉ ታርፋላችሁ፤ ጡንቻው የሚታነጸው በዚያ ዕረፍት ነውና። አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ዴሎርም እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን ሲያክም የተጠቀመው ይህንኑ ነው። በዚያን ጊዜ የተጎዳ እግር ከባድ ነገር አይንካው ይባል ነበር። እሱ ግን ክብደትን ደረጃ በደረጃ እየጨመረ አሠራቸው፤ ከተጠበቀው ፈጥነውም አገገሙ። ዛሬ በየጂሙ የሚሠራው «ሦስት ዙር አሥር አሥር» በስፋት የታወቀው በእሱ ሥራ ነው።

ለእማዬ ያልኳት እንዲህ ነው፦ «የተሸከምሽው ለእኛ ነበር፤ አሁን የምትሠሪው ለራስሽ ነው።»

የሥጋ ድህነት

የሰው ጡንቻ ከ30 ዓመት ግድም በኋላ መቀነስ ይጀምራል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ነው፤ ከ60 በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። ኧርዊን ሮዘንበርግ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ለዚህ ነገር «ሳርኮፔኒያ» የሚል ስም አወጣለት። ከግሪክኛ የተገኘ ቃል ነው፤ በእኛ ቋንቋ «የሥጋ ድህነት» ብንለው ያስኬዳል። እንደ ሌላውም ድህነት ቀስ እያለ ይገባል። መጀመሪያ ደረጃ ስትወጡ ብረቱን ትይዛላችሁ፤ ከዚያ ልጃችሁን ማቀፍ ይከብዳችኋል፤ ከዚያ ከበርጩማ ለመነሳት መሬቱን ትደገፋላችሁ።

ጡንቻ ለመሸከም ብቻ አይደለም። ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ የሚገባውን ስኳር በብዛት የሚወስደው ጡንቻ ነው፤ ስለዚህ ጡንቻን ማሠራት ለስኳር ሕመምተኛም፣ ስኳር በቤተሰቡ ላለበትም ይጠቅማል። አጥንትም ጭነት ሲያርፍበት ይጠነክራል፤ ይህ በተለይ የወር አበባ ካቆመ በኋላ አጥንታቸው ለሚሳሳ ሴቶች ትልቅ ነገር ነው።

«አሁንማ ጊዜው አለፈ» የሚል ካለ ደግሞ አንድ ጥናት ልንገረው። እ.ኤ.አ. በ1990 ቦስተን ውስጥ በአረጋውያን መኖሪያ የሚገኙ አማካይ ዕድሜያቸው 90 ዓመት የሆነ አሥር ፈቃደኞች ለስምንት ሳምንታት የእግር ክብደት እንዲሠሩ ተደረገ። እስከ መጨረሻው የዘለቁት የእግራቸው ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ፤ ሁለቱ ምርኩዛቸውን ተዉ። ጥናቱን የመሩት ዶክተር ማሪያ ፊያታሮኔ ነበሩ። ይህን ለእማዬ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «የዘጠና ዓመት ሰው? እንግዲያ እኔ ገና ልጅ ነኝ» አለች። ቁጣዋ ያለፈው ያን ቀን ነው።

እኛ የሯጮች ሀገር ነን

ስፖርት ሲባል በኢትዮጵያዊ ጭንቅላት ቶሎ የሚመጣው ሩጫ ነው፤ ያለ ምክንያት አይደለም። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ጀምሮ በኦሊምፒክ ያገኘነው ሜዳልያ ሁሉ የአትሌቲክስ ነው። አዲስ አበቤ ማለዳ የመስቀል አደባባይን ደረጃዎች ይወጣል ይወርዳል፤ በየዓመቱ በታላቁ ሩጫ ይሳተፋል፤ «መንገድ ለሰው» በሚባሉት ከመኪና ነፃ ቀናት ልጆቹን ይዞ ይወጣል። ይህ ሁሉ ለልብና ለሳምባ እጅግ ጥሩ ነው።

ግን ግማሹ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች ሁለት ነገር ይመክራል። አንዱ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ለምሳሌ ፈጣን የእግር ጉዞ። ሁለተኛው ደግሞ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ዋና ዋናዎቹን የሰውነት ጡንቻዎች ሁሉ የሚያጠነክር ልምምድ ነው። ከ65 በላይ ለሆኑት ሚዛንን ከመጠበቅ ጋር የተጣመረ የጥንካሬ ልምምድ በሳምንት ሦስት ቀን ይመክራል። የመጀመሪያውን ሁላችንም ሰምተናል፤ ሁለተኛው ነው የሚረሳው።

ከአበበ ታሪክም የሚነገረው የሩጫው ክፍል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የመኪና አደጋ ደርሶበት እግሮቹ ከከዱት በኋላ ስፖርትን አልተወም። በማግስቱ ዓመት እንግሊዝ ውስጥ በስቶክ ማንዴቪል ውድድር ላይ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በእግሩ ዓለምን ያስደነቀ ሰው ቀሪውን በክንዱና በትከሻው ሠራው።

የስቅለት ማግስት ጭን

ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠው የሁለተኛው ቀን ሕመም ነው። ግን ለብዙዎቻችን አዲስ ነገር አይደለም። ዓርብ በስቅለት ቀኑን ሙሉ ስትሰግዱ ውላችሁ ቅዳሜ ማለዳ ከአልጋ ስትወርዱ ጭናችሁ ምን ይላችኋል? ደረጃ መውረድስ? ስግደት ጸሎት ነው እንጂ ስፖርት አይደለም፤ ጡንቻ ግን ልዩነቱን አያውቅም። ያልለመደውን ሥራ ብዙ ጊዜ ሲደጋግም ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ያማል፤ ከዚያ ይለቃል። ጉዳት አይደለም። ሥራውን በየሳምንቱ ብትደጋግሙት ደግሞ ሕመሙ እየቀነሰ ይሄዳል።

የሚያሳስበው ሌላ ዓይነት ሕመም ነው፦ መገጣጠሚያ ውስጥ የሚወጋ፣ በሥራው መሃል በድንገት የሚመጣ፣ ወደ እግር ወይም ወደ ክንድ የሚወርድ፣ ወይም የደረት ሕመም። ያኔ ማቆም፤ ሐኪም መጠየቅ።

ሌላም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበታችሁ ይጨምራል፤ መስታወቱ ግን ምንም አያሳያችሁም። በዚያ ጊዜ በዋናነት የሚሠለጥነው ነርቭ ነውና፤ አእምሮ ያሉትን የጡንቻ ክሮች በአንድነት መጥራት ይማራል። ዓይን የሚያየው ለውጥ ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ወር ይጠይቃል። ሰው የሚያቆመውም እዚህ መካከል ነው።

ጀሪካን የማይዋሽ ሚዛን ነው

አይከል ውስጥ የሚያብረቀርቅ ጂም ፍለጋ አልሄድኩም። በብዙ የሀገራችን ከተሞች እንዳለው ሁሉ፣ የሰፈር ልጆች በወተት ጣሳ ሲሚንቶ ሞልተው፣ መካከሉን በብረት ቧንቧ አገናኝተው ግቢ ውስጥ ይሠራሉ። ደስ ይላል፤ ግን ለጀማሪ አንድ ችግር አለው፤ ሲሚንቶ አንዴ ከደረቀ ክብደቱ አይቀነስም አይጨመርም።

ውኃ ግን ይታዘዛል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። የሁለት ሊትር ሀይላንድ ሁለት ኪሎ፣ የዘይቱ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን አምስት ኪሎ፣ ትልቁ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ለመጨመር ግማሽ ሊትር ታክሉበታላችሁ፤ ከበዳችሁ ትቀንሳላችሁ። በብዙ ሺህ ብር የሚሸጥ ዳምቤል የሚያደርገውን ሁሉ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ያደርግላችኋል።

እኔና እማዬ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ የምንሠራቸው ስድስት ነገሮች እነዚህ ናቸው። በመካከላቸው ቢያንስ አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን መኖር አለበት። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ግቢ ውስጥ እየተራመድን፣ ትከሻና ዳሌ እያንቀሳቀስን ሰውነታችንን እናሞቃለን።

1. መነሳትና መቀመጥ። ከወንበር ያለ እጅ። የማይችል ሰው ወንበሩ ላይ ትራስ ደርቦ ከፍታውን ይጨምር፤ ወይም በአንድ እጁ ጠረጴዛ ይንካ። የለመደው ደግሞ ባለ አምስት ሊትሩን ደረቱ ላይ ያቅፍ። ጉልበታችሁ ወደ ውስጥ አይግባ፤ ወደ እግር ጣታችሁ አቅጣጫ ይሂድ።

2. ከዳሌ ታጥፎ ማንሳት። ጀሪካኑን በሁለት እግራችሁ መካከል አስቀምጡ። መቀመጫችሁን ወደ ኋላ ግፉ፤ ጀርባችሁ ቀጥ ይበል፤ ጉልበታችሁ ትንሽ ይሰበር፤ ጀሪካኑን ይዛችሁ ቁሙ። የሰሊጥ ጫኞቹን አስታውሱ፤ ጭነቱ ከሰውነት አይራቅ። ጂም ውስጥ ዴድሊፍት የሚባለው ይህ ነው።

3. መግፋት። ፑሻፕ ነው፤ ግን ከመሬት አይጀመርም። መጀመሪያ ግድግዳ፣ ቀጥሎ የማይንቀሳቀስ ጠረጴዛ፣ ቀጥሎ አግዳሚ ወንበር፣ በመጨረሻ መሬት። እኔ ከግድግዳ ወደ መሬት ለመውረድ አምስት ወር ፈጀብኝ።

4. መሳብ። አንድ እጃችሁን ወንበር ላይ ተደግፋችሁ፣ ጀርባችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ጎንበስ በሉ፤ በሌላው እጃችሁ ባለ አምስት ሊትሩን ወደ ዳሌያችሁ ሳቡ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ለጎበጠ ትከሻ መድኃኒት ነው።

5. ተሸክሞ መራመድ። በሁለት እጅ እኩል የሞሉ ጀሪካኖች ይዛችሁ፣ ደረታችሁን ከፍ አድርጋችሁ ከ20 እስከ 30 እርምጃ ሂዱ።

6. ፕላንክ። በክንድና በእግር ጣት መሬት ላይ ተደግፎ እንደ ጣውላ ቀጥ ማለት። አሥር ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው። ለእማዬ ጠረጴዛ ላይ በክንዷ ተደግፋ መቆሙ በቂ ነው።

ከአንድ እስከ አራት ያሉትን ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ደጋግማችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ እረፉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሁለት ዙር፣ ከዚያ ሦስት ዙር። ስታነሱ አስወጡ፣ ስታወርዱ አስገቡ፤ ትንፋሻችሁን አፍናችሁ አትያዙ፤ ግፊት ላለበት ሰው ይህ በተለይ አደገኛ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ሕግ ደግሞ ይህ ነው፦ «ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ልጨምር እችላለሁ» በምትሉበት ሰዓት አቁሙ። እስኪያቅታችሁ መሥራት ለጀማሪ አያስፈልግም። ሦስቱንም ዙር አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ጊዜ በቀላሉ ከቻላችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ግማሽ ወይም አንድ ሊትር ጨምሩ። ሁሉም ተደምሮ ከ40 ደቂቃ አይበልጥም።

አስቀድመው ሐኪም ማማከር ያለባቸውም አሉ፦ የልብ ሕመም ወይም ያልተስተካከለ የደም ግፊት ያለባቸው፣ ሄርኒያ ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮች፣ በቅርቡ የወለዱ ወይም ቀዶ ሕክምና ያደረጉ፣ ለስኳር መድኃኒት የሚወስዱ። ፈቃድ ሲገኝ ብዙዎቹ መሥራት ይችላሉ፤ ልኩን ግን ባለሙያ ይወስን።

በጾምስ?

ይህን ጥያቄ ሁሉም ይጠይቀኛል። ከኦርቶዶክስ ቤት የምትወጣ ሰው በዓመት 180 ቀን ያህል ትጾማለች፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። «ሥጋና እንቁላል ሳይበላ ጡንቻ ከየት ይመጣል?»

ከሽሮው ይመጣል። ጥንካሬ የሚሠራ ሰው በየቀኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ቢያገኝ ጥሩ ነው ይባላል፤ 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ከ72 እስከ 96 ግራም ማለት ነው። እስቲ የጾም ቀን ማዕድ እንደምር። መቶ ግራም ጥሬ ምስር 25 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ስድሳ ግራም የሽሮ ዱቄት 12 ያህል ይሰጣል። ከ250 ግራም ጤፍ የተጋገረ እንጀራ ወደ 30 ይጠጋል። አንድ ጥሩ እፍኝ፣ 50 ግራም ያህል፣ ኦቾሎኒ ሲታከልበት 13 ይጨምራል። ድምሩ 80 ነው። እንጀራና ጥራጥሬ አንድ ላይ ሲበሉ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላል፤ አያቶቻችን ያለ ኬሚስትሪ የደረሱበት ጥበብ ነው። ሰሊጥ፣ ሱፍና ተልባም ይታከሉ። በፍስክ ጊዜ ደግሞ አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ይጨምርላችኋል።

ችግሩ የሚመጣው ጾሙ ፓስታና ዳቦ በሻይ ሲሆን ነው። ሰዓቱንም አስተካክሉ። እስከ ከሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ከበላችሁ ከአንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ሥሩ። ያለ ውኃ በዋላችሁበት ሰዓት ከባድ አትሥሩ። በሕማማት ሳምንት እኛ ጀሪካኑን እናስቀምጠዋለን፤ ያ ሳምንት የራሱ ሥራ አለው።

«በ21 ቀን» እና «ሰው ምን ይላል»

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ስለዚህ አንድ የሙያ ምስጢር ላካፍላችሁ። በስልካችሁ የምታዩት የ«በፊት» እና የ«በኋላ» ፎቶ በአንድ ቀን ሊነሳ ይችላል። ለ«በፊት» ሆድን መልቀቅ፣ ትከሻን ማጉበጥ፣ መብራቱን ከፊት ማድረግና መኮሳተር በቂ ነው። ለ«በኋላ» ሃያ ፑሻፕ ሠርቶ ጡንቻው እንደተወጠረ፣ መብራቱን ከጎን አድርጎ፣ ትንፋሽን ስቦ ፈገግ ማለት ነው። «21 ቀን» የሚለው ቁጥርም ጆሮ ስለሚስብ ይመረጣል እንጂ ጡንቻ በዚያ ቀን ስለሚደርስ አይደለም። ቀጥሎ የሚሸጥላችሁ ዱቄት ይኖራል። ከላይ የደመርነውን ማዕድ የሚበላ ጀማሪ አያስፈልገውም።

ሴቶች ደግሞ «እንደ ወንድ እሆናለሁ» ብለው ይሰጋሉ። የወንድን ትከሻ የሚያሰፋው ቴስቶስትሮን በሴት ሰውነት ውስጥ ብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ጀሪካን በማንሳት እንደ ቦዲ ቢልደር የምትሆን ሴት የለችም። እነዚያ ለዓመታት ለዚያ ብቻ የኖሩ ናቸው።

«ሰው ምን ይላል» የሚለው ግን የበለጠ ከባድ ነው፤ በትንሽ ከተማ ውስጥ በተለይ። ውኃ ቀድታ 20 ኪሎ ተሸክማ ስትመለስ ሴትን ማንም ዞር ብሎ አያይም። ያንኑ ጀሪካን ለጤናዋ ብላ ግቢዋ ውስጥ ስታነሳ ግን ወሬ ይሆናል። እኔ ለዚህ መድኃኒት ሆኖ ያገኘሁት ብቻን አለመሆንን ነው። ከሁለት ጎረቤቶቼና ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር እንደ እቁብ አደረግነው። ቀኑ የታወቀ፣ ቤቱ በተራ፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረች የቡና ታወጣለች። እቁብ የሚሠራው ገንዘብ ስለበዛ አይደለም፤ ቀኑ ሲደርስ ሰው ስለሚጠብቃችሁ ነው። ወሬውም ሁለት ወር ሳይሞላ ሞተ። ይባስ ብሎ ካወሩት መካከል አንዷ «ቦታ አለ?» ብላ መጣች።

እማዬስ? በመጀመሪያው ወር ከትራስ በተደረበ ወንበር ላይ፣ በአንድ እጇ ጠረጴዛ ይዛ ጀመረች። በሁለተኛው ወር ትራሱ ወጣ። በአራተኛው ወር መጨረሻ እንደገና ቆጠርን፤ አሥራ ሁለት። ጉልበቷ አሁንም በብርድ ይቆረጥማታል፤ የሳሳው መገጣጠሚያ ተመልሶ አልወፈረም። ነገር ግን ደረጃ ላይ ክንዴን አትይዝም። ባለፈው ጾም ከዓመታት በኋላ ሰገደች፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ ያ በእሷና በፈጣሪዋ መካከል ነው። ነጠላዋ ግን ፊቷን አልሸፈነም ነበር።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። መጽሔቱን ከማጠፋችሁ በፊት የተከታዩን ሳምንት ሁለት ቀን ምረጡ፤ ማቀዝቀዣው ላይ ወይም በሩ ላይ ጻፉት። የዘይቱን ባዶ ጀሪካን አትጣሉት፤ አጥባችሁ ውኃ ሙሉት። አንድ ሰው ጥሩ፦ ባል፣ ሚስት፣ ጎረቤት፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ እናት ወይም አባት። የመጀመሪያውን ቀን ቁጥራችሁን ከነቀኑ ማስታወሻ ላይ አስፍሩ። ከዚያ ለአራት ወር አትመልከቱት፤ ማክሰኞና ቅዳሜን ብቻ ጠብቁ።